የጋሽ ከትከት ሳቅ ጠባቂዎች

ጋሽ ከትከት የመኪና ወንበር ልብስ ሰፊ ነው። እናቱ ያወጡለት ስም ይህ እንዳልሆነ ግልጽ ነው፤ ግን እውነተኛ ስሙን ከሚስቱና ከግብር ሰብሳቢው በቀር የሚያስታውስ ሰው ያለ አይመስለኝም። ሱቁ ጋራዦች በተደረደሩበት መንገድ ላይ ናት። በሯ ላይ ከመኪና የተነቀሉ ወንበሮች ሆዳቸው ተዘርግፎ ይቀመጣሉ፤ ውስጧ ስፖንጅ፣ የቆዳ ጥቅልና የሙጫ ሽታ ነው። በዚያ የሚያልፍ ሰው ግን መጀመሪያ የሚሰማው የስፌት መኪናውን ድምፅ ሳይሆን ሳቁን ነው። ከሆዱ ይነሳል፣ ደረቱ ላይ ትንሽ ያርፋል፣ ከዚያ ከትከትከት ብሎ ይወጣል። አንዴ ከወጣ ደግሞ የሚመልሰው የለም።

ደስ ሲለው ይስቃል፤ ይሄስ የማንም ወግ ነው። ጉዱ ሲከፋውም መሳቁ ነው። ሌላው ሰው ሆዱ ሲባባ ዕንባ ይቀድመዋል፤ እሱን ሳቅ ይቀድመዋል። እናቱ የሞቱ ዕለት ሳቀ። አንድ አጎቱ ከዚያ ቀን ጀምሮ አያናግረውም፤ መንገድ ላይ ሲያየው ይሻገራል። ሐኪም ዘንድም ሄዶ ነበር። ሐኪሙ ደረቱን አዳመጠ፣ ጉሮሮውን አየ፣ "ምንም የለብህም፣ ጤነኛ ነህ" ብሎ ሸኘው። ጤነኛ መሆኑንማ እሱ መች አጣው።

ከቲያትር ጋር ያስተዋወቀው ይኸው ወንበር የማልበስ ሥራው ነው። ከጋራዦቹ ጀርባ ድሮ መጋዘን የነበረች፣ ኋላ አዳራሽ የሆነች አንዲት ክፍል አለች። መድረኳ ከመሬት አንድ ክንድ እንኳ ከፍ አይልም፤ የፊተኛው ረድፍ ተመልካች እግሩን ከዘረጋ ተዋናዩን ይጠልፋል። ወንበሮቿ አርጅተው ስለነበር እሱ እንዲያለብሳቸው ተጠራ። አንድ ቀን ተዋንያን ልምምድ ላይ ሳሉ እሱ ወንበር ሥር ተጋድሞ ሚስማር ይመታ ነበር። አንዲት ቀልድ ሰማና ወንበር ሥር እንዳለ ከትከትከት አለ። ተዋንያኑ ደንግጠው ቆሙ፤ ከዚያ ያችን ቀልድ ደገሟት፤ እሱም ሳቁን ደገመው። አዘጋጁ ጎንበስ ብሎ "አንተ ሰውዬ፣ ማታ ትመጣለህ?" አለው። መጣ። ከዚያ ወዲህ ቀርቶ አያውቅም።

ቡድኑን ያገኘው እዚያው ነው። ቡድኑ የጎረቤት፣ የጓደኛና የጓደኛ ጓደኛ ጥርቅም ነው። መሪያቸው ጡረታ የወጡ አዋላጅ ናቸው፤ ሁሉም እትዬ ይላቸዋል። ከእሳቸው ቀጥሎ አፉ የማያርፍ አንድ ፀጉር አስተካካይና መድኃኒት ቤት ያላት ቁጥብ ሴት ይመጣሉ። የተቀሩት አንዳንዴ ይመጣሉ፣ አንዳንዴ ይቀራሉ። ይህ ቡድን አንድ እንግዳ ሕግ አለው፤ ቲያትር አብረው ይሄዳሉ፣ አብረው ግን አይቀመጡም። ሕጉን ያወጡት እትዬ ናቸው። "አብረን ከተቀመጥን የምናየው እርስ በርሳችንን ነው። ለእሱማ ቤታችን ምን አነሰን!" ይላሉ። ስለዚህ በር ላይ እንደ ጫጩት ይበተናሉ፤ አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ፣ አንዱ ከግድግዳው ጥግ።

ሲያልቅ ማዶ ያለችው ሻይ ቤት ይገናኛሉ። ወሬው ሁልጊዜ "የኔ ረድፍ" ብሎ ይጀምራል። የኔ ረድፍ ላይ አንድ ሰውዬ እስኪያልቅ ተኛ፣ ከዚያ ከሁላችን በላይ አጨበጨበ። የኔ ረድፍ ላይ ባልና ሚስት ተኳርፈው ገቡ፣ መሃል ላይ እጅ ለእጅ ተያያዙ። አንዷ ደግሞ "ይሄኛው ማነው?" እያለች ስትጠይቅ ዋናው ሰውዬ ሞተ። እንዲህ እንዲህ እያሉ በአንድ ምሽት ሁለት ቲያትር ያያሉ፤ አንዱን መድረክ ላይ፣ አንዱን ረድፋቸው ውስጥ። ጋሽ ከትከት ግን ስለ ረድፉ የሚያወራው ብዙም የለውም። የእሱ ረድፍ የሚያየው እሱን ነው።

ተዋንያኑ ይወዱታል። ተመልካች ሲባል ፈሪ ነው፤ ልሳቅ አልሳቅ እያለ ጎረቤቱን ያያል። ጋሽ ከትከት ሲጀምርለት ይፈታል። "ዛሬ መጥቷል?" ብለው በመጋረጃ ቀዳዳ ሳያዩ አይጀምሩም ይባላል። አንጀት የሚበላ ታሪክ ሲመጣ ግን እሱ ራሱ ያውቅበታል፤ ደረቱ መንቀጥቀጥ ሲጀምር አፉን በኮቱ ይዞ ሹልክ ብሎ ይወጣል።

አሁን የሚያስጨንቀውን ልንገራችሁ። ጋሽ ከትከት አንዲት ልጅ አለችው። ልጅ ሳለች ትምህርት ቤቷ ባዘጋጀው ድራማ ላይ ክንፏ የተሰበረ ወፍ ሆና ቀረበች። ከወረቀት የተሠራ ክንፍ አጥልቃ መሬት ላይ እየተንፈራገጠች "እናቴ፣ መብረር አቃተኝ" ስትል የአባቷ አንጀት ተላወሰ። አንጀቱ ሲላወስ ደግሞ የሚመጣውን ታውቃላችሁ። ሳቀ። አዳራሹ ተከተለው። ወፏ ተነሳች፣ ክንፏን አውልቃ ጣለችና ከመድረክ ወርዳ በእግሯ ወደ ቤት ሄደች። ማታ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ፣ "ሁለተኛ እኔ ባለሁበት እንዳትመጣ" አለችው።

እሱም አልሄደም። የሕፃን ቁጣ ነው ብሎ አላለፈውም። ዩኒቨርሲቲ ስትመረቅ እንኳ እናትየውን አስገብቶ እሱ ከአጥሩ ውጭ ቆመ፤ የልጁ ስም ሲጠራ በድምፅ ማጉያው ሰማና ከአጥሩ ጋር ብቻውን ሳቀ። ልጅቷ አድጋ ቀን ቀን ባንክ ትሠራለች፣ ማታ ማታ ትጽፋለች፣ ትጫወታለች። አባትና ልጅ ይዋደዳሉ፤ ስለ ሁሉ ነገር ያወራሉ። ስለዚያች ወፍ ግን አንድም ቀን ተናግረው አያውቁም።

አንድ ቀን ከሥራ በኋላ ሱቁ መጣች። ግማሽ የተሰፋ የሹፌር ወንበር ላይ ተቀመጠችና ትኬት አውጥታ የስፌት መኪናው ላይ አኖረችለት።

"ቅዳሜ ማታ እናንተ አዳራሽ ሦስት አጫጭር ተውኔቶች አሉ" አለች። "የመጨረሻው የኔ ነው። የጻፍኩትም የምጫወተውም እኔ ነኝ። እንዳትቀር፣ አባዬ።"

ትክ ብላ አየችው። ከዚያ ጉንጩን ሳመችና ሄደች። እሱ ትኬቱን ይዞ ቀረ። ደስታም ነው፣ ፍርሃትም ነው፤ ሁለቱም እሱ ጋ የሚወጡት በአንድ በር ነው። ጎረቤት ያለው መካኒክ ሳቁን ሰምቶ "ምን ተገኘ?" ብሎ ብቅ አለ።

ሚስቱ በዚያ ሰሞን የታመመች እህቷን ልታስታምም ሌላ ከተማ ሄዳለች። በስልክ ነገራት።

"ብስቅስ?"

"ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ" አለችው። "ለምን እሷኑ አትጠይቃትም?"

"ምን ብዬ? ልሳቅ ወይስ አልሳቅ ብዬ?"

"አዎ፣ እንደዚያው ብለህ።"

አልጠየቀም። መልሱን ፈራ። ወንድ ልጅ ሚስቱ ትክክል ስትሆን ምን እንደሚያደርግ የታወቀ ነው፤ ሌላ ሰው ያማክራል። ሻይ ቤት ሄዶ ጉዳዩን ለቡድኑ ዘረገፈው። የወፏንም ታሪክ ሳይደብቅ ነገራቸው።

"አለመሄድ አትችልም" አሉ እትዬ። "ከቀረህ ያኛውም ቁስል ያመረቅዛል።"

"ሄጄስ? ደግሞ ላዋርዳት?"

ባለመድኃኒት ቤቷ ሴት የሚያደነዝዝ ሽሮፕ እንዳለ አነሳችና ወዲያው ሐሳቧን ቀየረች። "አይ፣ ይቅር። እንቅልፍ ከወሰደህ ታንኮራፋለህ።"

"እኔ አጠገቡ ልቀመጥና ሊስቅ ሲል ጭኑን ልቆንጥጠው" አለ ፀጉር አስተካካዩ።

"መቆንጠጥ ብቻውን አይበቃም" አሉ እትዬ። እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉ፤ ስንቱን ልጅ ወደዚህ ዓለም የተቀበለ እጅ ነው። "ሳቅ ማለት ትንፋሽ ነው። ትንፋሽ ደግሞ የኔ ሥራ ነው። እኔ አተነፍሰዋለሁ።"

እንዲህ ሆነና ቡድኑ ሕጉን ሊሽር ወሰነ። ቅዳሜ ማታ ማንም አይበተንም፤ ጋሽ ከትከትን መሃል አድርገው በአንድ ረድፍ ይቀመጣሉ። ፀጉር አስተካካዩ የሻይ ብርጭቆውን አንስቶ "ድር ቢያብር አንበሳ ያስር!" አለ። አንበሳው አንገቱን ደፍቶ ስኳር ያማስላል።

ቅዳሜ ደረሰ። ጋሽ ከትከት ለሠርግ የሚለብሰውን ኮት ለብሶ መጣ። በሩ ላይ አዘጋጁ "ዛሬ ደግሞ እንደ ሙሽራ ታጅበህ?" አለው፤ እነሱ ግን እንዳጀቡት አስገቡት። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጡ። በስተቀኙ እትዬ፣ በስተግራው ፀጉር አስተካካዩ፤ ባለመድኃኒት ቤቷ ሴት ብቻ ከኋላው ረድፍ ሆና ትከሻውን ለመያዝ ተዘጋጀች። ሌሎቹ ዳርና ዳሩን ዘጉ። ክፍሏ ሞልታለች፤ ሙቀቱ፣ የአዲስ ቀለም ሽታው፣ የሰዉ ሹክሹክታ። ጋሽ ከትከት ራሱ ያለበሰው ወንበር ላይ ተቀምጦ ሌላ ሰው ያለበሰው ያህል ቆረቆረው።

መብራት ጠፋ። የመጀመሪያው ተውኔት በአንድ ጃንጥላ የሚጣሉ ሁለት ሰዎች ታሪክ ነው። ያስቃል፤ በጣም ያስቃል። ጋሽ ከትከት ግን ጥርሱን ነክሷል። አሁን ከለቀቀው እስከ መጨረሻው እንደማያቆም ያውቃል። "በአፍንጫህ አስገባ" ይሉታል እትዬ በሹክሹክታ፣ "በአፍህ አስወጣ፣ ቀስ እያልክ፣ ጎበዝ።" መድረክ ላይ ያሉት ቀልዳቸውን ጣል አድርገው ይጠብቃሉ፤ ሳቅ የለም። ሌላ ይጥላሉ፤ የለም። ተመልካቹ ወዲያ ወዲህ ይዞራል፣ የሚጀምርለት አጥቷል። ሰዎቹ ጃንጥላቸውን አጥፈው ሲወጡ አንደኛው ለሌላው "ጋሽ ከትከት አልመጣም እንዴ?" ሲል ከፊት የተቀመጡት ሰሙ። ሁለተኛው አንዲት ሴት በስልክ የምታወራበት ነበር፤ ከእኛ ሰዎች መካከል ስለ ተውኔቱ የሚያስታውስ የለም። ሁሉም ጥበቃ ላይ ነበሩ።

ከዚያ ሦስተኛው መጣ። መድረኩ ላይ አንድ ባዶ ወንበር ብቻ አለ። ልጅቷ ትንሽ ሻንጣ ይዛ ገባች። አባቷ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ አድርጋ ታወራዋለች። አባትየው አርጅቷል፣ አይናገርም። ኮቱን አወለቀችለት፣ አራገፈችው፣ ሰቀለችው። ምን እንደበላ ጠየቀችው፣ ራሷ መለሰች። ከዚያ ተንበረከከችና የሌለውን እግር ጭኗ ላይ አድርጋ፣ የሌለውን ጫማ ክር፣ በደንብ አጥብቃ፣ አሰረችለት።

የጋሽ ከትከት አንጀት ቁርጥ አለ። ከሆዱ ተነሳ፤ ሁሉም አወቁ። ፀጉር አስተካካዩ ጭኑን ቆነጠጠው፤ ባለመድኃኒት ቤቷ ሴት ትከሻውን ጨመደደችው። እሱ ከንፈሩን ነክሶ ዓይኑን ጨፈነ።

ልጅቷ ከተንበረከከችበት ቀና አለች። ሰዉን አየች። ዝም አለች። ዝምታው ረዘመ፤ ጆሮ ላይ እስኪጮህ ረዘመ። አንዳንዱ "ረሳችው መሰለኝ" ብሎ ማሰብ ጀምሯል። እሷ ግን አልተንቀሳቀሰችም፤ የሆነ ነገር እንደሚጠብቅ ሰው ቆማለች። ጋሽ ከትከት በዚያ ዝምታ ውስጥ ሁለመናው ይንቀጠቀጣል፣ ላቡ ይወርዳል፣ ፊቱ ቀልቷል። እትዬ አዩት። የአዳራሹ ነገር ከልባቸው ጠፋ፤ የታያቸው የዕድሜ ልክ ሥራቸው ነው። እጁን ጨብጠው፣ በዚያ በለመደ ድምፃቸው፣

"በርቺ! በርቺ የኔ እናት! ተንፍሺ! ትንሽ ነው የቀረሽ!" አሉ።

ፀጉር አስተካካዩ ፈነዳ። ሊይዘው ሞክሮ በአፍንጫው ወጣበት። ባለመድኃኒት ቤቷ፣ ያቺ ቁጥብ ሴት፣ ከፊቷ ያለው ወንበር ላይ ተደፍታ በሳቅ ተንሰቀሰቀች። ከዚያ ረድፉ፣ ከዚያ አዳራሹ በሙሉ። ምሽቱን ሁሉ የታፈነ ሳቅ ነው፤ ግድቡ ተሰበረ። መድረክ ላይ የልጅቷ ከንፈር ሲንቀሳቀስ ይታያል፣ አንድ ነገር ተናገረች፣ ምን እንዳለች ግን የሰማ የለም። ሻንጣዋን አነሳች፣ መብራት ጠፋ። በዚያ ሁሉ ሰው መሃል ያልሳቀው ጋሽ ከትከት ብቻ ነበር።

ሻይ ቤቱ ውስጥ "የኔ ረድፍ" ያለ ሰው አልነበረም። ሻዩ መጣ፣ ቀዘቀዘ። እትዬ ሻሻቸውን ወደ ፊታቸው ስበው "ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ" ይላሉ ደጋግመው። ጋሽ ከትከት ከንፈሩ አብጧል። ይህን ያህል ዓመት ሸሽቶ፣ ዛሬ ደግሞ ሰው አስተባብሮ ሄዶ አዋረዳት። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል አሉ፤ ያውም በጓደኛ እጅ። ልጁን ከእንግዲህ በምን ዓይኑ እንደሚያያት አያውቅም።

በሩ ተከፈተና ልጅቷ ገባች። የመድረኩን ኩል አላጠበችም። ማንም ሳይቀድመው ጋሽ ከትከት ብድግ አለ።

"እኔ ነኝ፣ ልጄ። የሳቅሁት እኔ ነኝ። እነሱ ምንም አላጠፉም፤ ይቅር በይኝ።"

"አትዋሽ፣ አባዬ" አለች። "ያንተን ሳቅ አጥቼው? ከሺህ ሰው መሃል እለየዋለሁ። ያኛው ያንተ አልነበረም። ያንተ የት ሄደ?"

ጋሽ ከትከት ወደ እትዬ ዞረ። እትዬ ሻሻቸውን ገለጥ አድርገው ሁሉንም ተናዘዙ፤ ስለ ወፏ እንደሰሙ፣ ሕጋቸውን እንደሻሩ፣ እንዳተነፈሱት፣ እንደቆነጠጡት። ፀጉር አስተካካዩ "መጀመሪያ የሳቅሁት እኔ ነኝ፣ እህቴ፣ እኔን ምቺኝ" አለ። ልጅቷ የሰውን ሁሉ ፊት በየተራ አየች።

"እና ከእናንተ መሃል 'እንጠይቃት' ያለ ሰው የለም?" አለች።

እትዬ ሻሻቸውን መልሰው ሳቡ። ሚስቱ እንዲያ ብላው እንደነበር ጋሽ ከትከትን ትዝ አለው፤ አሁን ለማንሳት ግን ደፋር አልነበረም።

"እዚያ ጋ የቆምኩት ረስቼ መሰላችሁ?" አለች ልጅቷ። "አዘጋጁ በልምምድ ሁሉ ተቆጥቶኛል። 'ለምን ዝም ትያለሽ? ተመልካቹ የረሳሽ ይመስለዋል' ይለኛል። አባቴ እዚህ ጋ ይስቃል፣ እስኪጨርስ መጠበቅ አለብኝ አልኩት። ሆድህ የት ጋ እንደሚባባ እኔ አላውቅም፣ አባዬ? ጫማውን ሳስርለት እንደማትችል አውቄ ነው የጻፍኩት። ዝምታዋ ያንተ ነበረች። ቆሜ ጠበቅሁህ፣ ጠበቅሁህ፣ አልመጣህም።"

"ወይ ጉዴ!" አሉ እትዬ።

ጋሽ ከትከት ወንበሩን ያዘ። ከሆዱ ተነሳ። ፀጉር አስተካካዩ በልማዱ እጁን ወደ ጭኑ ሰደደና መልሶ ሰበሰበው። ደረቱ ላይ ትንሽ አረፈ፤ ከዚያ ወጣ። ከትከትከት አለ፣ ብርጭቆዎቹ እስኪንጫጩ፣ ሌላ ጠረጴዛ ያሉት ዘወር እስኪሉ፣ ባለሻይ ቤቱ ከጓዳ እስኪወጣ። ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ ዕንባው በጉንጩ እየወረደ በሠርግ ኮቱ ላይ ተንጠባጠበ። ስለ ወፏ ሳቀ፣ ስለ አጥሩ ሳቀ፣ ስለ እናቱ ሳይቀር ሳቀ። ማንም አላስቆመው።

ልጅቷ አልተቀመጠችም። መድረክ ላይ እንደቆመችው ቆማ፣ እጆቿን አንድ ላይ አድርጋ፣ ጠበቀችው። ሳቁ ቀስ በቀስ ደከመ፣ ሁለት ጊዜ ተመለሰ፣ ከዚያ አለቀ። ሙሉ በሙሉ ማለቁን ስታረጋግጥ አዳራሹ ውስጥ ማንም ያልሰማውን ቃል አሁን ለእሱ ብቻ ተናገረች።

"አንድ ቀን አፍሬብህ ነበር፣ አባዬ። እስከ ዛሬ የማፍረው በዚያ ቀን ነው።"

ይህን ብላ አጠገቡ ተቀመጠች።